ወንድሜ 238 አመጣ፣ አሁን ምን ይሁን? (ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ እባካችሁ)

የሸዋበሯ፦
ሰላም ለናንተ ይሁን። እዚህ ሳነብ እንጂ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፣ እንዳትስቁብኝ።

ወንድሜ 12ኛን ተፈትኖ ከ600 238 አመጣ። ናቹራል ነው። ውጤቱ ከወጣ ጀምሮ ቤታችን ለቅሶ ቤት መስሏል። አባቴ ምንም አላለም፣ የሱ ዝምታ ደግሞ ከጩኸቱ ይከፋል። እናቴ ሬሜዲያል (ማለፊያ ያላመጡ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚወስዱት ማካካሻ ትምህርት) ይግባ ትላለች። አጎቴ "ቴክኒክና ሙያ አስገቡት፣ ሁለት ጊዜ ከመውደቅ ይሻላል" ይላል። የጎረቤታችን ልጅ ሳውዲ ነው ያለው፣ እሱ ደግሞ በየማታው በኢሞ ይደውልለታል፤ ምን እንደሚያወሩ አላውቅም፣ በር ዘግቶ ነው የሚያወራው።

ልጁ ሰነፍ አይደለም፣ ይሄን እወቁልኝ። በ2014 ዘጠነኛ ክፍል ነበር። ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ከተማውን ጥለን የወጣነው በእግራችን ነው። ስንመለስ ቴሌቪዥኑም የለ፣ ብርድ ልብሱም የለ፣ የሱ ደብተር ብቻ ወለሉ ላይ ተበትኖ አገኘነው፣ እሱን ማን ይፈልገዋል። አሥረኛ ሲደርስ አዲሱ ካሪኩለም መጣ። መጽሐፍ የለም። በኔ ስልክ ፒዲኤፍ ነበር የሚያነበው፣ እኔ ስልኩን ይዤ ሥራ ስሄድ እሱ እስከ ማታ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

እኔ ፒያሳ ልብስ ሱቅ ተቀጥሬ ነው የምሠራው፣ ትምህርት ያቆምኩት አሥረኛ ላይ ነው። ምን ብዬ ልምከረው? ሬሜዲያል ወይስ ሙያ? የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ በአላህ።

ምን_ዋጋ_አለው፦
ተማረም አልተማረም ያው ነው። እኛ ሰፈር ዲግሪ የያዙ ሦስት ልጆች ጀበና ቡና ላይ ተደርድረው ነው የሚውሉት። ቡናውን የምታፈላው ልጅ ትሻላለች፣ እሷ ቢያንስ ገቢ አላት።

ሁለተኛ_ዓመት፦
እህቴ አብሽሪ። እኔም በሬሜዲያል ነው የገባሁት፣ በ2016። አራት ወር ገደማ ነው። በኛ ጊዜ ከመቶ 30ውን ዩኒቨርሲቲው ይይዝልሻል፣ 70ው ከማዕከል የሚመጣ ፈተና ነው፣ ለማለፍ 50 ይፈለጋል። ከባድ ነው ግን ሰማይ አይደለም። የሚወድቀው ጭንቅላት የሌለው ልጅ አይደለም፤ "በቃ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ" ብሎ የሚለቀቀው ነው። ዶርም ውስጥ ስምንት ነበርን፣ ሦስቱ አላለፉም፣ አንደኛው ከኔ በጣም ይበልጥ ነበር ማትስ ላይ። ፊልም ገደለው።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። አሁን ድፓርትመንት ይዤ እየተማርኩ ነው፣ ለምን መረጥከው ብትዪኝ ግን መልስ የለኝም። ጓደኛዬ ሞላ፣ እኔም ሞላሁ።

ቲቸር_ጠመኔ፦
የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ፣ ትምህርት ቤቱን አልጠራም።

በመጀመሪያ ቁጥሩን እዩት። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014 3.3 በመቶ ነው፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። እየተሻሻለ ነው እሺ፣ ግን ከመቶ ልጅ ከ90 በላዩ አሁንም በሩ ላይ ነው የሚቀረው። እኛ ደግሞ 12 ዓመት ሙሉ የምናዘጋጀው ለሚያልፉት ለስምንቱ ነው። የቀሩትን "መልካም ዕድል" ብለን እንሸኛለን። ስለዚህ እህቴ፣ አባትሽ ዝም ያሉት ልጃቸው ብቻውን የወደቀ መስሏቸው ከሆነ ይሄን ንገሪያቸው።

ጋይዳንስ የት ሄደ ትሉኝ ይሆናል። ጋይዳንሱ እኔ ነኝ። በሳምንት 24 ክፍለ ጊዜ ባዮሎጂ እያስተማርኩ "ይሄንንም ደርበህ ያዝ" ተባልኩ፣ ሥልጠና የለም፣ ምንም የለም። ቢሮው በሩ ላይ "የምክር አገልግሎት" ይላል፤ ስትከፍቱት የተሰባበረ ወንበር እስከ ኮርኒሱ ተቆልሏል። አምና ወደኔ የመጡት ስድስት ልጆች ናቸው። አራቱ ተደባድበው ተልከው ነው፣ አንዷን ራሷን አሟት ነበር፣ አንዱ ብቻ "ቲቸር፣ ምን ልሁን?" አለኝ። ምን አልኩት መሰላችሁ? "የምትወደውን ሁን" አልኩት። እስካሁን ያሳፍረኛል። የሚወደውን በምን ያውቀዋል? በሕይወቱ ሥራ ላይ ያየው ሰው አስተማሪ፣ ሐኪም፣ ሾፌርና ባለሱቅ ነው።

አሥራ አንደኛ ሲገቡ ናቹራልና ሶሻል የሚመርጡበት ቀን ብትመጡ ደግሞ ታለቅሳላችሁ። ልጁ ወረቀቱን ይዞ ጓደኛውን እያየ ነው የሚሞላው።

ባለባጃጁ_ኢንጂነር፦
ሲቪል ተመርቄያለሁ። መውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ፣ በ2015 ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ እኛ ነን። አሁን ኮምቦልቻ ባጃጅ እነዳለሁ። ተሳፋሪው ሁሉ "ኢንጂነር" ነው የሚለኝ፣ ሒሳብ ላይ ግን ማንም አይጨምርም።

አታልቅሱልኝ፣ የማወራው ሌላ ነው። አምስት ዓመት ስለ ኮንክሪት ተማርኩ፣ ሳይት ግን የገባሁት ኢንተርንሺፕ ላይ ብቻ ነው፣ እሱንም ፎርማኑ "አንተ ሪፖርትህን ጻፍ" ብሎ ኮንቴይነር ውስጥ አስቀመጠኝ። ሲቪል የመረጥኩት በ12 ዓመቴ አክስቴ "አንተ እኮ ቤት ትሠራለህ" ስላለችኝ ነው። በጭቃ ነበር የሠራሁት። እስቲ አስቡት፣ ሥራውን የሚሠራ አንድ ሰው "ና፣ አንድ ቀን ከኔ ጋ ዋል" ቢለኝ ኖሮ ወይ እወደዋለሁ ወይ እተወዋለሁ። ሁለቱም ይጠቅመኝ ነበር።

የነገ_ፕሮግራመር፦
ኮዲንግ ይማር በቃ። 5 ሚሊዮን ኮደርስ የሚባለው የኦንላይን ሥልጠና ነጻ ነው፣ ሰርተፍኬትም አለው።

ባለባጃጁ_ኢንጂነር፦
@የነገ_ፕሮግራመር ላፕቶፑንስ አንተ ትገዛለታለህ? መጽሐፍ በእህቱ ስልክ ያነበበ ልጅ ነው እኮ እያልን ያለነው። መጥፎ ነገር አይደለም፣ ይሞክረው፣ ግን "በቃ" አትበል።

ኩሽኔታ፦
እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። 19 ዓመት ሞተር ጠግኛለሁ፣ መጀመሪያ ፋብሪካ ተቀጥሬ፣ አሁን የራሴ ትንሽ ወርክሾፕ አለችኝ።

ይሄ "ካልሆነ ሙያ ይግባ" የሚለው አነጋገር ነው ሙያን የገደለው። ልጁን ስትልኩት የተሸነፈ አድርጋችሁ ነው የምትልኩት፣ እሱም ተሸንፎ ይቀመጣል። እኔ ጋ ለልምምድ የመጡ ልጆች አሉ፣ ቴስተር መያዝ እያፈሩ። "ጋሼ እኔ እኮ ሜዲስን ነበር ሐሳቤ" ይሉኛል። እና? ሞተሩስ ታሞ አይደል የመጣው?

ግን ሙያ ሲባልም ዓይንን ጨፍኖ መግባት የለም። ደሴ ወይዘሮ ስሂን አለ፣ እኛም ጋ ፖሊቴክኒክ አለ፣ የግልም ብዙ ነው። የትም ቢሆን ሳይመዘገብ በፊት ወርክሾፑን ገብቶ ይይ። ማሽኑ ላይ አቧራ ካለ ገንዘብሽን ይዘሽ ተመለሺ። አሠልጣኙን ቀርበሽ የትብብር ሥልጠና የት ነው የምትልኩት በዪው፤ በወረቀት 70 በመቶው ድርጅት ውስጥ ነው ይባላል፣ እኔ ግን የሠራሁበት ቦታ ሦስት ወር ሙሉ ሻይ ሲያመላልስ የከረመ ሠልጣኝ አይቻለሁ። አምና ከዚያ ዘርፍ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘናውን) የተፈተነው ስንት፣ ያለፈው ስንት? ቁጥሩን ካልነገሩሽ መልሱን ነግረውሻል። ከዚያ ደግሞ እዚያ የተመረቀ አንድ ልጅ ፈልጊና የት እንደሚሠራ ጠይቂው። ጠላ ቤት ካገኘሽው እሱም መልስ ነው።

ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ወፍጮ ቤቱ ሁሉም ሞተር አለው። ሞተር ደግሞ ይቃጠላል። እኔ ሥራ አጥቼ አላውቅም፣ ያጣሁት ረዳት ነው።

ወንድምሽን ቅዳሜ አምጪው። አልቀጥረውም፣ አላስተምረውምም። ይይ።

መርፌና_ክር፦
ሁሉም ወንድሜ፣ ልጁ፣ እሱ። 238 ያመጣች ሴት ልጅ ቢሆን ይሄ ክር ይከፈት ነበር? አይከፈትም። ወይ ትዳር ወይ ቤይሩት ተብሎ ቤት ውስጥ ያልቅ ነበር። ተናግሬ ወጣልኝ፣ ይቅርታ እህቴ፣ አንቺን አይደለም።

እኔ አሥረኛ ጨርሼ ነው ፓርኩ የገባሁት፣ በ2009 ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ። ኦፕሬተር ነበርኩ። የሱሪ ኪስ ብቻ ነው የምሰፋው፣ ቀኑን ሙሉ ኪስ፣ ሌሊት በሕልሜ ኪስ። ማንም ሳይነግረኝ በምሳ ሰዓት አጠገቤ ያለችውን እያየሁ ኦቨርሎክ ለመድኩ፣ ከዚያ ዚፕ፣ ከዚያ ወገብ። አንዲት ሱፐርቫይዘር ነበረች፣ ከአዋሳ የመጣች፣ እሷ "አንቺ ልጅ ሙሉ ሱሪ ልትሰፊ ምን ቀረሽ?" አለችኝ። ይቺ ዓረፍተ ነገር ናት እኔን ሰው ያደረገችኝ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ያው ታውቁታላችሁ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አጎዋም (ልብሱ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት ዕድል) ቀረ። የነበርኩበት ድርጅት ትዕዛዝ አጣ፣ ሰው ቀነሰ፣ እኔም ወጣሁ። ኪስ ብቻ የሚሰፉት ቤታቸው ገቡ። እኔ ሁለት ማሽን በዕቁብ ገዝቼ ዩኒፎርም እሰፋለሁ።

ሥራ ሲመርጥ ደመወዙን ብቻ አይይ። ከዚህ ብወጣ ምን ይዤ እወጣለሁ ብሎ ያስብ።

ኦቦክን_ያየ፦
የጎረቤቱ ልጅ በኢሞ ምን እንደሚል እኔ ልንገርሽ። "መንገዱ ተስተካክሏል፣ የኔ ደላላ ሌላ ነው" ነው የሚለው። ለኔም እንደዚያ ነው የተባልኩት። በአፋር አድርገን ጅቡቲ፣ ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን። የመን ስንደርስ ደላላው ስልክ ይሰጥሃል፣ ቤትህ ደውለህ ብር አስልክ ይላል፣ ካልሆነ እየተደበደብክ ነው የምትደውለው። እናቴ በሬ ሸጠች። ሳውዲ ገብቼ ፍየል ጠበቅኩ፣ ተያዝኩ፣ ታሠርኩ፣ ላስቲክ ጫማ አድርጌ በአውሮፕላን ተመለስኩ። ይኸው ነው።

ግን "አትሂድ" ብቻ አትበሉት። እኔን ሁሉም ሰው አትሂድ ብሎኛል፣ ኢማሙም፣ ዳይሬክተሩም፣ ሬዲዮኑም። "ይልቅ ነገ ጠዋት እዚህ ና" ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም። አትሂድ ከተባልኩ በኋላ ያው ያቺው ድንጋይ ላይ ነው ተመልሼ የምቀመጠው።

ምን_ዋጋ_አለው፦
ይሄኛው እውነት ነው።

የቧንቧ_ውሃዋ_እማማ፦
ልጆቼ እንዴት ናችሁ። ዓይኔ ደክሟል፣ የልጅ ልጄ ናት እያነበበች የምትጽፍልኝ። ሁላችሁም ጥሩ ተናገራችሁ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ። ግን እኔ ከላይ እስከ ታች ስሰማ ልጁ ምን አለ የሚል አልሰማሁም። ሴትዮዋ "ልጁ ሰነፍ አይደለም" አለች፣ መምህሩ ቁጥር ተናገረ፣ ያ ባለሞተሩ ይምጣ አለ። ልጁንስ ማን ጠየቀው? አፉን የዘጋ ልጅ እኮ የሚናገረው አጥቶ አይደለም፣ የሚሰማው አጥቶ ነው። እኔ ሰባት አሳድጌያለሁ።

የሸዋበሯ፦
እማማ፣ እውነትዎን ነው። አፍሬያለሁ።

ልጁ_ራሱ፦
238 ያመጣሁት እኔ ነኝ። እህቴ ስልኳን ቻርጅ ላይ ትታው አየሁት፣ ከራሴ ስልክ ገብቼ ነው የምጽፈው። ተናድጄ ነበር፣ አሁን ትንሽ ነው።

ውጤት የወጣ ቀን 34 ሰው "ስንት አመጣህ" አለኝ፣ ቆጥሬያለሁ። ምን ትፈልጋለህ ያለኝ የለም። ቢሉኝም ደግሞ አላውቅም። ቲቸር ያለው ልክ ነው፣ የሥራ ስም ጥራ ብትሉኝ አሥር አይሞላልኝም። ክፍል ውስጥ "ወደፊት ምን መሆን ትፈልጋለህ" ሲባል ሁላችንም ዶክተር እንል ነበር፣ ቶሎ ለመቀመጥ።

የሚቀናኝ ነገር ቢኖር የተበላሸ ነገር መፍታት ነው። የእናቴን የኤሌክትሪክ ምጣድ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ። አንድ ብሎን ተረፈኝ ግን ይሠራል።

ሌላ ነገር። አራት ሆነን በጥር በዚያው መንገድ ልንሄድ ተነጋግረን ነበር። ኦቦክን ያየው የጻፈውን ለሦስቱ አንብቤላቸዋለሁ፣ አንዱ ዝም አለ፣ ሁለቱ ሳቁ። ሁዳ፣ ይሄን ለአባባ እንዳትነግሪው፣ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ።

ጋሼ ኩሽኔታ፣ ቅዳሜ የምር ነው?

ኩሽኔታ፦
የምር ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኮምቦልቻ መናኸሪያ እቆማለሁ። የሚቆሽሽ ልብስ ልበስ። እና እህትህን ይዘህ ና፤ የማታውቀው ሰው ኢንተርኔት ላይ "ና" ስላለህ ብቻህን አትምጣ፣ እኔም ብሆን።

የሸዋበሯ፦
እመጣለሁ። ፈቃድ እጠይቃለሁ። (ስሜን አወጣህው አይደል፣ ቆይ ብቻ)

ኩሽኔታ፦
እሺ፣ ቅዳሜ እንዴት እንደነበረ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ፣ ልጻፈው።

መጡ። ልጁ ቀጭን ነው፣ መሬት መሬት ያያል። ቱታ ሰጠሁት፣ እጅጌውን ሦስት ጊዜ አጠፈው። የዚያን ቀን ከሐርቡ የመጣ የወፍጮ ሞተር ነበረኝ፣ ተቃጥሎ። ክዳኑን አስፈታሁት። መፍቻ ይዞ ያውቃል፣ ብሎኖቹን ሲፈታ በተራ በተራ ወረቀት ላይ ደረደራቸው፣ ማንም ሳይነግረው። የተረፈችው ብሎን አስተምራዋለች መሰለኝ።

ውስጡ ሲከፈት ያ የምታውቁት ሽታ መጣ፣ የተቃጠለ ቫርኒሽ። አብዛኛው ልጅ እዚህ ጋ "ውይ፣ ተቃጥሏል" ብሎ ያልፋል። ይሄኛው አጎንብሶ ቆየ። እኔ ሌላ ሥራ ጀመርኩ፣ አሁንም አጎንብሷል። ከዚያ "ጋሼ፣ ለምን ሁሉም አልጠቆረም?" አለኝ። ምን ማለትህ ነው ብዬ ሄድኩ። በጣቱ እየነካ አሳየኝ፦ ሁለቱ ጥቅል ከሰል መስሏል፣ ቀጥሎ ያለው ግን መዳቡ እንደ አዲስ ያበራል፣ እንደገና ሁለቱ ጥቁር፣ እንደገና አንዱ ብሩህ። ዞሮ ዞሮ እንደዚያ ነው።

ይሄን ጥያቄ 19 ዓመት ውስጥ የጠየቀኝ ሁለተኛው ሰው ነው። የመጀመሪያው ጣሊያናዊ ነበር፣ ማሽን ሊተክል የመጣ።

ነገሩ ይሄ ነው። ሞተሩ በሦስት ፌዝ፣ በሦስት የመብራት መስመር ነው የሚሠራው። ስታር ነበር የታሠረው፣ የሦስቱ ጥቅል አንድ አንድ ጫፍ አንድ ላይ ተገናኝቶ። አንዱ ፌዝ ሲጠፋ፣ እዚህ አገር ደግሞ ይጠፋል፣ ባለወፍጮው ሳያውቅ መፍጨቱን ይቀጥላል። ሸክሙን ሁለቱ ብቻ ይሸከሙታል፣ ይግላሉ፣ ይነዳሉ። ፌዙ የጠፋበት ጥቅል ግን ምንም አልነካውም፣ ቁጭ ብሎ ሲያይ ነው የከረመው። ስለዚህ ሞተሩን ጠቅልለህ ብትመልስለት በሳምንቱ ተቃጥሎ ይመጣል፤ መጀመሪያ የቤቱን መስመር ነው ማየት። ይሄን ስነግረው መሬት ማየቱን ተወ። "ይሄ እኮ ፊዚክስ ነው" አለኝ። አዎ ፊዚክስ ነው፣ ምን መስሎህ ነበር?

ከሰዓት ካቻቢቴ ሰጥቼው ጫፉን የሚሠራ ሞተር ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስደግፌ አዳመጠ። ደህናው ኩሽኔታ (ዘንጉ ተደግፎ የሚዞርበት ቀለበት) እንደ ዝናብ ነው፣ ያለቀው አሸዋ እንደሚያኝክ ሰው ነው። ከአራቱ የታመመውን በሁለተኛው ሙከራ አገኘው። እህትየው በር ላይ ወንበር ይዛ ተቀምጣ ነበር፣ እሷም ላዳምጥ አለች። እሷ በመጀመሪያው አገኘችው። ይሄም ይመዝገብ።

መርፌና_ክር፦
😂 መዝግቤያለሁ።

ልጁ_ራሱ፦
ሀረጎን ስንወርድ ጃኬቴን አወለቅኩ፣ ስንመለስ ግራሶ ስለነበረብኝ መልበስ ፈርቼ እየተንቀጠቀጥኩ ደሴ ገባሁ።

የወሰንኩትን ልንገራችሁ። ሬሜዲያሉን እሞክራለሁ። አራት ወር ነው፣ ማትሱን ካለፍኩ ኤሌክትሪካል እሞላለሁ፣ ኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ግቢ ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል። ካላለፍኩ ፖሊቴክኒክ እገባለሁ፣ ያው ኤሌክትሪክ ነው። ሁለቱም መንገድ እዚያው ሞተር ጋ ነው የሚደርሰው። በፊት ግን ሁለቱም የት እንደሚደርሱ አላውቅም ነበር።

እስክንጠራ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ልምጣ ወይ?

ኩሽኔታ፦
ና። ግን ፍቅር አይያዝህ፣ ሁለት ቅዳሜ ደግሞ ሌላ ቦታ ዋል። አንድ ነገር አይቶ ይሄ ነው ማለት ልክ እንደ ባለባጃጁ በጭቃ ቤት ሲቪል መምረጥ ነው።

ባለባጃጁ_ኢንጂነር፦
ተነካሁ።

ማትሱን እኔ ልያዝልህ። ሥራ የምጀምረው ረፋድ ላይ ነው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በቴሌግራም፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ያለፈህን ዘጠነኛና አሥረኛን ነው የምንጀምረው፣ 12ኛን አይደለም። ቀዳዳው እዚያ ነው ያለው፣ በ2014። በነጻ ነው፣ ግን አንድ ቀን ከቀረህ አልቀጥልም።

ሁለተኛ_ዓመት፦
እኔም ሊንኩን ላኩልኝ። ዶርማችን ውስጥ ያለፉት ልጆች ኖቶች አሉኝ፣ ሰው አስይዤ እልካለሁ።

ቲቸር_ጠመኔ፦
እኔ ጋ አምና ከወጡት የዚህ ዓይነት ልጆች አሁን ሰፈር የተቀመጡ ቢያንስ 14 አውቃለሁ፣ ስምንቱ ሴቶች ናቸው። ስም ዝርዝር ይዤ ልምጣ? የሚቀበል አለ?

ኩሽኔታ፦
በአንድ ቅዳሜ ሁለት። ከዚያ በላይ ከሆነ ጉብኝት ነው የሚሆነው፣ ፎቶ ተነሥቶ መሄድ። እኔ ያንን አልፈልግም።

መርፌና_ክር፦
እኔ ሁለት ሴቶች። ስፌት ብቻ አይደለም፣ ሒሳብ አያያዙን፣ ዕቁቡን፣ ከትምህርት ቤት ጋ ዋጋ እንዴት እንደምደራደር ይዩ። ዋናው ሥራዬ እሱ ነው፣ መስፋት ግማሽ ቀን ነው።

ነርስ_ከደሴ፦
ሆስፒታል ልጅ ይዞ መግባት አይቻልም፣ ግን ልጠይቅ የሚል ካለ ከዲዩቲ ስወጣ ቡና እየጠጣሁ የፈለገውን ልነግረው ዝግጁ ነኝ። ነርሲንግ የሚመርጡት ነጭ ጋዋኑን አይተው ነው። ሌሊቱን ማን ይንገራቸው?

ምን_ዋጋ_አለው፦
እዚህ ተጽፎ የቀረ ስንት ነገር አይተናል።

ቲቸር_ጠመኔ፦
@ምን_ዋጋ_አለው ልክ ነህ። ስለዚህ ዝርዝሩን እኔ እይዛለሁ፣ ማን የት እንደዋለ፣ ማን እንደቀረ። በወሩም እያንዳንዱን እደውላለሁ። እስካሁን ያጠፋሁት እሱን ነው፣ መክሬ መልሼ አለመጠየቄን። ዳይሬክተራችንም የጋይዳንስ ቢሮውን ባዶ ካደረግከው ተጠቀምበት ብሎኛል፣ ቅዳሜ መሰብሰቢያ ይሆነናል።

የሸዋበሯ፦
እኔ ደግሞ የቤቱን ልንገራችሁ። ትናንት እራት ላይ ነው። ወንድሜ በጥር ለመሄድ አስቦ የነበረውን ለአባቴ ነገረው፣ እኔ መሶቡን ይዤ ልወጣ ነበር። አባቴ እንጀራውን ይዞ ቆየ። አልጮኸም። በጣም ቆየ። ከዚያ "ኩሽኔታ የምትሉት ምንድን ነው?" አለው። ልጁ ተነሥቶ የሞተሩን ሥዕል ደብተር ላይ እየሣለ እስከ አራት ሰዓት አስረዳው። አባቴ አልገባውም መሰለኝ፣ ግን ሁለት ጊዜ "ድገምልኝ" አለው።

የቧንቧ_ውሃዋ_እማማ፦
አልሐምዱሊላህ። እልል ብያለሁ፣ የልጅ ልጄ መጻፍ አይቻልም አለችኝ።

ቲቸር_ጠመኔ፦
አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ቢሮውን ባዶ ለማድረግ ወንበሮቹን የት ልውሰዳቸው? ንብረት ክፍል አይጣሉም ይላል። የሚበይድ ሰው የሚያውቅ አለ?

ኩሽኔታ፦
ብየዳ የኔ አይደለም፣ ግን ቦርከና ማዶ አንድ ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ። ሁለት ልጆች ረዳት ካመጣህለት ዋጋ ይቀንሳል። ስንት ወንበር ነው?

ቲቸር_ጠመኔ፦
41። ሰባቱ እግር የላቸውም።